የስኳር በሽታና የፒቱታሪ ዕጢ፦ የልጄ እድገት መዘግየትና የጠዋት ስኳሯ ከዚህ ጋር ይያያዛሉን?

የሐዋሳ እናት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ እንዳለባት የታወቀው በ9 ዓመቷ ሲሆን አሁን 15 ዓመት ሆኗታል። ድብልቅ ኢንሱሊን፣ ማለትም 70/30 የሚባለውን፣ ጠዋትና ማታ ከምግብ በፊት ትወጋለች። ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከበደ ያስጨነቀኝ ቁመቷ ነው፤ ከክፍል ጓደኞቿ ብቻ ሳይሆን ከ12 ዓመቷ ታናሽ እኅቷም ወደ ኋላ ቀርታለች። ጡቷ ማጎጥጎጥ ቢጀምርም የወር አበባ ገና አላየችም። ስኳሯን ማታ ስትተኛ ስንለካ 140 ወይም 150 ይሆንና፣ ምንም ሳትበላ አድራ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 260 እና 280 ሆኖ እናገኘዋለን። የመጨረሻው የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ 11.2 በመቶ ነበር።

በውጭ አገር የሚኖር አንድ ዘመዳችን ይህን ሁሉ ሲሰማ «የፒቱታሪ ዕጢዋ ተጎድቶ ይሆናል፤ ኤምአርአይ ትነሣ፣ እኔም የእድገት ሆርሞን መርፌ እልክላችኋለሁ» ብሎናል። ታላቅ ወንድሜም ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ አለበት፤ 48 ዓመቱ ነው፤ ክብደቱም ከፍ ያለ ነው። በቅርቡ ድካምና የግብረ ሥጋ ፍላጎት መቀነስ ቢያስቸግረው ተመርምሮ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞኑ ዝቅ ማለቱንና ችግሩም «ከላይ፣ ከፒቱታሪው» ሊሆን እንደሚችል ነግረውታል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት የስኳር ሕመምተኞች በአንድ ጊዜ ስለ አንድ ዕጢ ሲነገራቸው ስሰማ ልቤ አላርፍ አለ። ስኳር በሽታ ራሱ ይህን ዕጢ ይጎዳል? ወይስ ዕጢው ነው ስኳሩን የሚያበላሸው? መርፌውንስ ልቀበል? የምታውቁ ሁሉ በዝርዝር ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የሆርሞን ሐኪም

እህቴ፣ ልጅዎን ሳልመረምር ስለ እርሷ የመጨረሻ ቃል መናገር አልችልም። ነገር ግን የገለጿቸው ምልክቶች ተጎድቶ ሥራውን ካቆመ ፒቱታሪ ይልቅ፣ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በኢንሱሊን እጥረት ምክንያት ከልክ በላይ ለመሥራት የተገደደ ፒቱታሪን ያመለክታሉ። የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው ቢሆን የጎደለውን ሆርሞን መተካት ያስፈልግ ነበር፣ ሁለተኛው ከሆነ ግን መስተካከል ያለበት ኢንሱሊኑ ነው።

ፒቱታሪ በአንጎል ሥር፣ በራስ ቅል አጥንት ውስጥ በተሠራለት ጎድጓዳ ቦታ የሚቀመጥ፣ ግማሽ ግራም ያህል ብቻ የሚመዝን ዕጢ ነው። ከበላዩ ያለው ሃይፖታላመስ የተባለ የአንጎል ክፍል ያዘዋል፤ እርሱ ደግሞ በተራው ታይሮይድን፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል ዕጢዎች፣ ኦቫሪን ወይም የወንድ የዘር ፍሬን፣ በእድገት ሆርሞንም በኩል ጉበትን ያዛል። እነዚህ አካላት የሚያመነጩት ሆርሞን በደም ተመልሶ ወደ ላይ ሲደርስ ፒቱታሪው ትእዛዙን ይቀንሳል። ይህን ግብረ መልስ እንለዋለን። ስኳር በሽታ በአብዛኛው የሚያውከው ይህን የምልክት ምልልስ ነው፤ ዕጢውን ራሱን ማጥፋቱ እምብዛም አይታይም።

መታወኩ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በእድገት ሆርሞን ላይ ነው። ጤነኛ ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን በቅድሚያ የሚሄደው በፖርታል ደም ሥር በኩል ወደ ጉበት ነው፤ ጉበትም ግማሽ ያህሉን በዚያው በመጀመሪያው ማለፊያ ላይ ያስቀረዋል። ከቆዳ ሥር የሚወጋ ኢንሱሊን ግን በመላው ሰውነት ከተሰራጨ በኋላ ስለሆነ ወደ ጉበት የሚመጣው፣ ለጉበት የሚደርሰው ከተፈጥሮው ያነሰ ነው፤ መጠኑ ካልበቃ ወይም መርፌው ከተዘለለ ደግሞ ይብስበታል። በቂ ኢንሱሊን ያጣ ጉበት የእድገት ሆርሞንን የሚቀበሉ ተቀባዮቹ ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ ፒቱታሪው የቱንም ያህል ሆርሞን ቢልክ፣ ጉበቱ አጥንት እንዲያድግ የሚያደርገውን አይጂኤፍ-1 የተባለ ሆርሞን አሟልቶ አያመርትም። የተመረተውንም ቢሆን በኢንሱሊን እጥረት ጊዜ የሚበዛ ሌላ ፕሮቲን ይዞ ከሥራ ያግደዋል። ፒቱታሪውን «በቃህ» የሚለው ይኸው አይጂኤፍ-1 ስለሆነ፣ እርሱ ሲያንስ ዕጢው ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚናገር ሰው ድምፁን እያጎላ ይሄዳል። በዚህ መንገድ በደም ውስጥ የእድገት ሆርሞን በዝቶ ሳለ ልጅ አታድግም፤ ከዚህም በላይ የበዛው ሆርሞን ጡንቻና ጉበት ለኢንሱሊን የሚሰጡትን ምላሽ ስለሚያደክም ስኳሩ ይወጣል፣ ያው የሚወሰደው ኢንሱሊንም ከበፊቱ ያነሰ ሥራ ይሠራል።

ልጅዎ ያለችበት ዕድሜ ይህን ሁሉ ያጎላዋል። በጉርምስና ጊዜ የእድገት ሆርሞን በማንኛውም ልጅ ላይ ስለሚጨምር የኢንሱሊን ፍላጎትም አብሮ ያድጋል። ከጉርምስና በፊት በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ0.7 እስከ 1 ዩኒት የሚበቃው ልጅ፣ በጉርምስና ከ1.2 በላይ፣ አንዳንዴም እስከ 2 ዩኒት ሊያስፈልገው ይችላል። ከሁለት ዓመት በፊት የተወሰነላት መጠን ዛሬም ያው ከሆነ፣ የ11.2 በመቶው ውጤት ትልቁ ምክንያት ይህ ሊሆን ስለሚችል በሚቀጥለው ቀጠሮ ክብደቷ ተለክቶ መጠኑ እንደገና እንዲሰላ ይጠይቁ።

የጠዋቱም ስኳር ከዚሁ ሥር ይበቅላል። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚለቀቀው በእንቅልፍ የመጀመሪያ ሰዓታት ሲሆን ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ውጤቱ ከሰዓታት በኋላ፣ ወደ ንጋት ገደማ ይታያል፤ ከአድሬናል ዕጢ የሚወጣው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞንም ወደ ንጋት ከፍ ይላል። ድብልቅ ኢንሱሊን ማታ 1 ሰዓት ላይ ከእራት በፊት ሲወጋ፣ በውስጡ ያለው ኤንፒኤች የተባለ ቀስ ብሎ የሚሠራ ኢንሱሊን ጉልበቱ የሚበረታው ከእኩለ ሌሊት በፊትና በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው፤ ጎህ ሲቀድ፣ እርሷ ይበልጥ በምትፈልገው ሰዓት ደክሞ ይገኛል። ኤንፒኤቹን ሬጉላር ከሚባለው ፈጣን ኢንሱሊን ለይቶ፣ ሬጉላሩን ከእራት በፊት፣ ኤንፒኤቹን ግን ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ሲተኙ መስጠት ብዙ ልጆችን ይጠቅማል። ድብልቁን ግን ሰዓቱን ብቻ ወደ መኝታ ማዛወር አይገባም፤ በውስጡ ያለው ፈጣን ኢንሱሊን ያለ ምግብ ሌሊት ላይ ስኳሯን ሊጥለው ይችላል። ለውጡን ከሐኪሟ ጋር ያድርጉት፤ ከዚያ በፊት ግን ለጥቂት ሌሊቶች በ8 ወይም በ9 ሰዓት ስኳሯን ለክተው ይመዝግቡ። በዚያ ሰዓት ዝቅ ብሎ ከተገኘ የማታው መጠን ቀድሞውንም በዝቷል ማለት ነው፤ ደህና ሆኖ ወደ ንጋት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ከላይ ያልኩት ነው።

መርፌውን አይቀበሉ። ይህን ሳላመነታ እናገራለሁ። ልጅዎ በተለመደው አካሄድ የጎደላት የእድገት ሆርሞን ሳይሆን ጉበቷ ሆርሞኑን የሚሰማበት ኢንሱሊን ነው፤ መርፌው ቢጨመር ስኳሯን አባብሶ ኪቶአሲዶሲስ ወደተባለው፣ ደም አሲድ ወደሚበዛበት አደገኛ ሁኔታ ሊያደርሳት ይችላል። የእድገት ሆርሞንን በአንድ የደም ናሙና መለካትም አይጠቅምም፤ ሆርሞኑ በቀን ውስጥ እየተነሣ የሚወድቅ ስለሆነ አንድ ቁጥር ምንም አይናገርም።

ሕክምና ይህን ዝምድና ካወቀው ቆይቷል። አርጀንቲናዊው ቤርናርዶ ኡሳይ እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢ ቆሽታቸው በወጣ ውሾች ላይ ፒቱታሪያቸውንም ሲያወጣ የስኳር በሽታቸው በግልጽ እንደሚቀል አሳየ፤ ስለ ፒቱታሪና ስኳር ዝምድና ባደረገው ምርምርም በ1947 የኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። በዚያው በ1930 ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ሞሪያክ በቂ ኢንሱሊን የማያገኙ፣ ቁመታቸው የቀጨጨ፣ ጉርምስናቸው የዘገየና ጉበታቸው ያበጠ ልጆችን ገለጸ፤ ሁኔታውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ዛሬ ይህ ሁኔታ ሙሉ መልኩን ይዞ የሚታየው ኢንሱሊን በሚቆራረጥባቸው ቦታዎች ሲሆን፣ በአገራችንም ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ሲበላሽ መጠነኛ መልኩን እናያለን። ከእኔ ሙያ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ኢንሱሊን በበቂና ያለ መቋረጥ ሲሰጥ እድገቱ የሚመለስ ሆኖ ሳለ፣ የአጥንት ጫፎች ከተዘጉ በኋላ የጠፋው ቁመት አይመለስም።

የወር አበባን በተመለከተ፣ ስኳር በጣም በማይቆጣጠሩት ልጆች ላይ ሃይፖታላመስ ፒቱታሪን የሚያዝበት ምት ይዳከማል፤ ኦቫሪን የሚያዙት የፒቱታሪ ሆርሞኖች፣ ኤልኤችና ኤፍኤስኤች፣ ያንሳሉ፣ ኦቫሪውም ይዘገያል። ጡቷ መጀመሩ መንገዱ እንዳልተዘጋ ያሳያል። ሆኖም በ15 ዓመት የወር አበባ አለመምጣቱ ራሱን የቻለ የምርመራ ምክንያት ስለሆነ «ስኳሯ ሲስተካከል ይመጣል» ተብሎ ዝም እንዲባል አልፈልግም። የግራ እጅ አንጓ ራጅ የአጥንት ዕድሜዋን ይነግረናል፤ ገና ወደ ኋላ ከሆነ ለማደግ ጊዜ አላት ማለት ነው። ከዚህ ጋር የታይሮይድ ምርመራና ከስንዴ፣ ከገብስ ጋር የሚያያዘው የሴሊያክ በሽታ ምርመራ ይደረግላት፤ ሁለቱም ዓይነት አንድ ባላቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ይልቅ የሚበዙ ሲሆን ሁለቱም እድገትን ያቀጭጫሉ።

ኤምአርአይ የሚያስፈልገው የማይለቅ ራስ ምታት ካለ፣ በጎንና በጎን ማየት ከቀነሰ፣ ፕሮላክቲን የተባለው የጡት ወተት ሆርሞን ከፍ ካለ፣ ከአንድ በላይ የፒቱታሪ ሆርሞኖች አብረው ዝቅ ካሉ፣ ወይም ስኳሯ ለወራት ተስተካክሎ እንኳ እድገቷ ካልተነሣ ነው። እስካሁን ከነገሩን ውስጥ አንዱንም አላየሁም።

በላቦራቶሪ የምሠራ

ሐኪሙ በተናገሩት ላይ ከናሙና መውሰጃው ወንበር አካባቢ የማየውን ልጨምር፤ ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያባክነው ምርመራው በተሳሳተ ጊዜ ስለሚደረግ ነው።

ስኳሩ 400 በደረሰበት ወይም በኪቶአሲዶሲስ አልጋ በያዘበት ሳምንት የታይሮይድ ምርመራ የሚታዘዝለት ሰው አለ። በዚያ ሁኔታ ከታይሮይድ ሆርሞኖች አንዱ የሆነው ቲ3 ዝቅ ይላል፤ ፒቱታሪው ለዚህ መጨመር የነበረበትን፣ ታይሮይድን የሚያዘውን ቲኤስኤች አይጨምርም፣ ሌሊት ላይ በተለምዶ የሚታየው የቲኤስኤች ከፍታም ይደክማል። ሰውነቱ በሕመም ጊዜ ጉልበት እየቆጠበ ነው እንጂ ታይሮይዱ አልታመመም፤ ስኳሩ ከተረጋጋ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢደገም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ልኩ ተመልሶ ይገኛል። በዚያ አንድ ውጤት ተነሥቶ የታይሮይድ መድኃኒት መጀመር ተገቢ አይደለም። በአንጻሩ ቲኤስኤች በግልጽ ከፍ ብሎ ሌላው የታይሮይድ ሆርሞን ቲ4 ዝቅ ካለ፣ ያ እውነተኛ የታይሮይድ ድካም ነው፤ የልጅዎም ውጤት በዚህ ዓይን ይነበብ።

ኮርቲሶልም እንዲሁ ሰዓት ይፈልጋል። ስኳራቸው በማይቆጣጠሩ ሰዎች ላይ ከፒቱታሪ የሚወጣው ኤሲቲኤችና ከአድሬናል የሚወጣው ኮርቲሶል መጠነኛ ከፍታ ያሳያሉ፤ ማታ መውረድ የነበረበት ኮርቲሶል በሚገባው ልክ አይወርድም። ስለዚህ በከሰዓት በኋላ በአጋጣሚ የተለካ ኮርቲሶል «ኩሺንግ (ኮርቲሶል ከልክ በላይ የሚበዛበት በሽታ) ነው» ለማለትም «አድሬናሉ ደክሟል» ለማለትም አይበቃም። ለአድሬናል ድካም የሚጠረጠር ሰው ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ይምጣ፤ የኤሲቲኤች ናሙና ደግሞ በበረዶ ላይ ተቀምጦ ፈጥኖ መለየት አለበት፣ አለበለዚያ ሆርሞኑ በቱቦው ውስጥ ይፈርሳል። ናሙናውን ወደ ሌላ ከተማ የሚልክ ተቋም ይህን እንደሚጠብቅ ሳትጠይቁ ገንዘብ አትክፈሉ።

አንድ ሌላ ነገር፣ የሦስት ወር ስኳር በብረት እጥረት የደም ማነስ ባለበት ሰው ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ልጅቱ የደም ማነስ ካላት በእጅ መለኪያ የተመዘገቡትን ቁጥሮች ከውጤቱ ጋር አስተያዩ። እናትየዋ የጻፏቸው የጠዋት ቁጥሮች ከ11.2 በመቶው ጋር ስለሚስማሙ በዚህ ረገድ ብዙ የምጠራጠረው የለኝም።

የጎልማሶች ሐኪም

የወንድምዎ ጉዳይ ከልጅዎ ስለሚለይ ለብቻው ልመልሰው። በዓይነት ሁለት የሚታየው መታወክ በእድገት ሆርሞን በኩል ሳይሆን በዋነኛነት በዘር ሆርሞኖች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ የተሠራ ጥናት ዓይነት ሁለት ካለባቸው ወንዶች አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ ነጻ ቴስቶስትሮን፣ ማለትም ከፕሮቲን ጋር ያልተያያዘው የሚሠራው ክፍል፣ ዝቅ ማለቱን አሳየ፤ ትኩረት የሳበው ግን ከዚያ ጋር የተገኘው ነገር ነበር። የዘር ፍሬው ራሱ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ፒቱታሪው ኤልኤችና ኤፍኤስኤችን ከፍ ባደረገ ነበር፤ በእነዚህ ወንዶች ላይ ግን ኤልኤች አልጨመረም። ትእዛዙ የደከመው ከላይ ነው ማለት ነው፤ ለወንድምዎ «ከላይ» ያሏቸውም ይህን ለማለት ይመስለኛል።

ምክንያቱ ብዙ ክሮች አሉት። አንጎል ራሱ ኢንሱሊንን ይሰማል፤ የኢንሱሊን አለመታዘዝ፣ ማለትም ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ መድከም፣ ሲኖር ሃይፖታላመስ ፒቱታሪን የሚቀሰቅስበት ምት ይዳከማል። በሆድ ዙሪያ የተከማቸ ስብ የሚለቃቸው የብግነት ኬሚካሎች ይህንኑ ያባብሳሉ፤ ስቡ ቴስቶስትሮንን ወደ ኢስትሮጅን ስለሚለውጥም ፒቱታሪው «ሆርሞን በቂ ነው» የሚል የተሳሳተ መልእክት ይደርሰዋል። በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቆራረጥ ካለ ይጨመርበታል፤ ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋና ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ ይንገር።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ቴስቶስትሮንን ተሸክሞ የሚዞር ፕሮቲን በኢንሱሊን አለመታዘዝ ጊዜ ስለሚያንስ፣ ጠቅላላው ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ሳለ የሚሠራው ነጻ ክፍል ልኩ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት፣ ጾሞ፣ በተለያዩ ሁለት ቀናት ይለካ፤ ሁለቱም ዝቅ ካሉ ኤልኤች፣ ኤፍኤስኤችና ፕሮላክቲን ይታዩለት። ፕሮላክቲኑ በግልጽ ከፍ ካለ ወይም ቴስቶስትሮኑ እጅግ ወርዶ ከተገኘ ለእርሱ ኤምአርአይ ተገቢ ነው። የብረት ክምችቱንም፣ ማለትም ፌሪቲንና ትራንስፈሪን ሳቹሬሽን የሚባሉትን፣ ማየት አይከፋም። በሰውነት ውስጥ ብረት ያለ ልክ የሚከማችበት በሽታ ቆሽትንም ፒቱታሪንም በአንድ ጊዜ የሚያጠቃ ስለሆነ፣ ስኳሩና የቴስቶስትሮን ማነሱ አንዱ የሌላው ውጤት ሳይሆኑ ሁለቱም የሦስተኛ ነገር ውጤቶች ሆነው የሚገኙበት አጋጣሚ አለ። እንደ ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን አዘውትሮ ይወስድ እንደሆነም ይጠየቅ፤ እነርሱም ፒቱታሪውን ያደክማሉ።

ሕክምናው ክብደት በመቀነስ ይጀምራል፤ ክብደት በደንብ ሲቀንስ ቴስቶስትሮን ያለ ሆርሞን መድኃኒት ከፍ ሲል በተደጋጋሚ ታይቷል። ገና ልጅ መውለድ የሚፈልግ ከሆነ የቴስቶስትሮን መርፌ አይጀምር። ከውጭ የሚገባው ሆርሞን ፒቱታሪውን ጨርሶ ዝም ስለሚያሰኘው የዘር ፈሳሹ ከዘር ሕዋስ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ሳይነገራቸው ጀምረው ለዓመታት ልጅ የጠበቁ ባልና ሚስቶች በክፍሌ ውስጥ ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

አዋላጅ ነርስ

ጠያቂዋ እህታችን «ስኳር ዕጢውን ይጎዳል?» ብላ ለጠየቀችው፣ ዕጢው በእርግጥ የሚጎዳበትን አንድ ሁኔታ ላንሣ፤ የእርሷ ልጅ ጉዳይ ባይሆንም ይህን የሚያነብቡ እናቶች አሉ። በእርግዝና ጊዜ ፒቱታሪ ይተልቃል፤ የደም ፍላጎቱም ይጨምራል። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈስሶ የደም ግፊት ከወደቀ ዕጢው ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ሺሃን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1937 ስለገለጸው በእርሱ ስም ይጠራል። የስኳር በሽታ ለዓመታት ትንንሽ የደም ሥሮችን የጎዳባት እናት ደግሞ ዕጢዋ የደም እጥረትን የመቋቋም አቅሙ ያነሰ ነው።

በሌላ እናት ላይ ምልክቱ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ወተት አይወርድም፣ የወር አበባ አይመለስም፣ ድካም ይጸናል። ኢንሱሊን በምትወጋ እናት ግን በቶሎ የሚጮኸው ስኳሯ ነው። ከወሊድ በኋላ የኢንሱሊን ፍላጎት በተፈጥሮው ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ሳምንታት አልፈው እንኳ መጠኑ ደጋግሞ እየተቀነሰ ስኳሯ አሁንም የሚወድቅ ከሆነ፣ በወሊዷም ጊዜ ብዙ ደም ከፈሰሳት፣ «ስኳሯ እየዳነ ነው» ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ስኳርን ከፍ የሚያደርጉት የእድገት ሆርሞንና ኮርቲሶል ጠፍተው ሊሆን ይችላል፤ የኮርቲሶል እጥረት ደግሞ ባልታሰበ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ቀን ሕይወት ይቀጥፋል። የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ትቅረብ።

የሐዋሳ እናት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁም አስተምራችሁኛል። ለዘመዳችን መርፌውን እንዳይልክ ነግሬዋለሁ። በሌሊቱ 9 ሰዓት እየተነሣሁ ለካሁ፤ 150፣ 165፣ 158 ሆኖ ተገኘ፤ ጠዋት ግን እንደተለመደው ከ250 በላይ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አለን። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ ሌሊት ለሽንት ሁለት ሦስት ጊዜ ትነሣለች፣ ውኃም ትጠጣለች። ሽንትን የሚቆጣጠር ሆርሞንም ከፒቱታሪ ይወጣል ሲባል ሰምቻለሁና ይህስ የዕጢው ምልክት አይደለምን? ኢንሱሊኗ ሲጨመር የምጠነቀቀው ነገር ካለም ንገሩኝ።

የሆርሞን ሐኪም

ምዝገባዎ በጣም ጠቃሚ ነው፤ በዚያ ሰዓት ስኳሯ ደህና ሆኖ ወደ ንጋት የሚወጣ ከሆነ ወረቀቱን እንዳለ ለሐኪሟ ያሳዩት፤ የማታውን ኢንሱሊን ለመለየት ዋና ማስረጃው እርሱ ነው።

ሽንትን የሚያጠራቅመው ሆርሞን ቫሶፕሬሲን ይባላል፤ የሚመረተው በሃይፖታላመስ ሲሆን የሚለቀቀው ከፒቱታሪው የኋላ ክፍል ነው። እርሱ ሲጠፋ የሚመጣው በሽታ ለረጅም ዘመን ከስኳር በሽታ ጋር በሚመሳሰል ስም ሲጠራ ሕመምተኞችን ስላደናገረና አንዳንዶችንም ለአደጋ ስላጋለጠ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበራት «የቫሶፕሬሲን እጥረት» ተብሎ እንዲጠራ ወስነዋል። ልጅዎ ላይ ያለው ግን ይህ አይመስልም። የደም ስኳር 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር አካባቢ ሲያልፍ ኩላሊት ስኳሩን መልሶ መያዝ ያቅተዋል፤ ስኳሩ ሲወጣ ውኃውን አብሮ ይጎትታል። ደሟ በስኳርና በውኃ ማነስ ስለሚወፍር ፒቱታሪዋ ቫሶፕሬሲንን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ንጋት ላይ ስኳሯ ከ180 በታች ሲሆን የሽንቱ ብዛት ካልቀነሰ ያን ጊዜ የሽንቷ ጥግግትና የደሟ ሶዲየም ይመርመር።

ስለ ጥንቃቄው፣ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ሰውነት ስኳርን ከፍ በሚያደርጉት በግሉካጎንና በአድሬናሊን፣ ቀጥሎም ከፒቱታሪ በሚነሡት በእድገት ሆርሞንና በኮርቲሶል ይከላከላል። ስኳሩ ደጋግሞ ሲወድቅ ግን አንጎል መውደቁን ይለምደውና እነዚህ ሁሉ ምላሾች ይደክማሉ፤ ልጅቱ ላብና መንቀጥቀጥ ሳይሰማት በድንገት ልትስት ትችላለች። ስለዚህ መጠኑ በትንሽ በትንሹ ይጨመር፣ በሳምንቱ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ከ70 በታች ከወረደ ጭማሪው ይቁም። ምልክቱ ጠፍቶባት ቢሆን እንኳ መውደቁ ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት ሙሉ በሙሉ ሲወገድ ስሜቱ መመለስ ይጀምራል።

ሁለተኛው ዓይኗ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በዴንማርክ አንዲት የስኳር ሕመምተኛ ከወሊድ በኋላ ፒቱታሪዋ ሲሞት የሬቲናዋ (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ጉዳት እየጠፋ መሄዱ ተመዘገበ፤ ሌዘር እስኪመጣ ድረስ ዓይንን ለማዳን ሲባል ፒቱታሪያቸው የወጣላቸው ሕመምተኞች ነበሩ። ስለዚህ የእድገት ሆርሞንና አይጂኤፍ-1 ከሬቲና ጋር ያላቸው ግንኙነት እውነተኛ ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር በኢንሱሊን በፍጥነት ሲወርድ፣ ጉበት አይጂኤፍ-1ን እንደገና ማምረት ሲጀምር፣ አስቀድሞ የተጎዳ ሬቲና በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊባባስ ይችላል፤ በ1993 ውጤቱ የታተመው ትልቁ የአሜሪካ የዓይነት አንድ ጥናትም ይህን አይቷል፣ በረጅሙ ግን የተሻለ ቁጥጥር ዓይንን በእጅጉ እንደሚጠብቅ አረጋግጧል። ስለዚህ ኢንሱሊኑ ይጨመር፤ ነገር ግን ስድስት ዓመት ከስኳር ጋር ስለኖረች፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ በፊት ወይም በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ብሌኗን በጠብታ አስፍቶ ሬቲናዋን ይመልከትላት። ጉዳት ከሌለ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ካለ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየታየች መጠኑን መጨመር ይቻላል።

የአጥንት ዕድሜዋ ራጅ ውጤት ሲደርስዎ እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ቁመቷንና ክብደቷን በየሦስት ወሩ እየመዘገቡ ከራጁ ጋር ብናነብበው ምን ያህል ጊዜ እንደቀራት በተሻለ ልነግርዎ እችላለሁ።